ከጣሳው የወጣችው ቁራጭ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትልቁን ቡናማ ብርድ ልብስ በሳፋ ዘፍዝፌ፣ በእግሬ እየረገጥኩ ካጠብኩት በኋላ ብቻዬን ላነሣው አልቻልኩም። "ደሬሳ!" ብዬ ተጣራሁ። ባለቤቴ እጅጌውን እየሰበሰበ ከቤት ወጣ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን መጠምዘዝ ጀመርን። ብርድ ልብሱ ግን አልጨመቅ አለ።

"እየተከተልከኝ እኮ ነው" አልኩት። "በተቃራኒው አዙር።"

"ሁልጊዜ አትሰማኝም የምትይው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ይኸው ሰማሁሽ።"

"በሌላ ነገር ነዋ! በብርድ ልብስ አይደለም።"

ሳቀና አቅጣጫውን ቀየረ። ውኃው እየተንዠቀዠቀ ወረደ። መሐል ላይ "ቆይ፣ ቆይ" አለና ጫፉን በብብቱ ይዞ ከሸሚዙ ኪስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። ጣት የምታህል፣ ጠርዟ የተበላ ቡናማ ወረቀት ናት። "እንዳትርስብኝ፤ ያዢልኝ" አለ። ተቀብዬ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ጨምቀን ስንጨርስ ገመዱ ላይ ሰቀልነው። እሱ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ሁለቱን ጠርዞች እኩል አደረጋቸው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ልነግረው ይገባኝ ነበር። ሳልነግረው አሥር ቀን ሆኖኝ ነበር። ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ምሳ ከበላን በኋላ ሊወጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ጀመር። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ዝምታው ሲረዝምብኝ ወጥቼ አየሁት። የቀኙን አስሯል። የግራው ጫማ ክር እጁ ላይ ነው። ጭንቅላቱን የበሩ መቃን ላይ አስደግፎ ነበር፤ የደከመው መሰለኝ። ሐኪም ቤት ልቡ ነው አሉኝ። ብርድ ልብሱን ከገመዱ ያወረዱት ጎረቤቶች ናቸው።

ደሬሳ በሙያው ጨርቅ ቆራጭ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካሉት ስፌት ቤቶች በአንዱ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ተደራርቦ የተነጠፈ ጨርቅ ላይ ፓተርኑን፣ የልብሱ ልክ የወጣበትን ወረቀት፣ ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ በማሽን ይቆርጣል። ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆያል። የሚሠሩት ሴቶች "ጋሼ ደሬሳ ጨርቁን እየባረከው ነው" ብለው ይስቁበታል። "ኧረ መጨማደዱን ልይ ብዬ ነው" ይላቸዋል። ቤትም እንደዚያው ነበር። መጽሐፍ ከመክፈቱ በፊት ሽፋኑ ላይ፣ ልጃችን ትንሽ ሳለች ጀርባዋ ላይ፣ መዳፉን አሳርፎ ይቆያል። ልጃችን አሁን ሐዋሳ ትዳር ይዛለች። በስልክ ስታለቅስ የምታነሣብኝ ያንን መዳፍ ነው።

ከፓተርን የሚተርፈውን ወረቀት ጣት በሚያህል ስፋት እየቆረጠ ወደ ቤት ያመጣ ነበር። ጠዋት ከሥራ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ያነብና አንዲት ቃል መርጦ በእርሳስ ቁራጩ ላይ ይጽፋታል፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከታታል። ማታ እራት ላይ፣ ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ "ዋልንባት?" ይለኛል። በቃሏ ዋልን ወይ፣ ቀኑን ኖርናት ወይ ማለቱ ነው። ከዋለባት ቁራጯ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ትገባለች፤ በማግስቱ ሌላ ይጽፋል። ካልዋለባት ነገም ያቺው ናት። ከነገ ወዲያም ያቺው። ቅድስና ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት ከዚህ የተለየ መልስ አልነበረውም። "ትልቅ ነገር አይደለም። ጠዋት ያነሣሽውን እስከ ማታ መንገድ ላይ አለመጣል ነው" ይል ነበር።

እኔ እንደ እሱ አልነበርኩም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ማንበብ አይከብደኝም። መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት አንድ ጊዜ እጨርሰው ነበር። ያነበብኩትን ምዕራፍ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት የማደርግበት ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። አንድ ቀን በሰንጠረዤ ኮራሁና፣

"እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። አንተ አንድ ጊዜ እንኳን ሳትጨርሰው ልትሞት ነው" አልኩት።

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለ። "ግን አስኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በላዩ ስታልፊ እሱ ስንት ጊዜ አስቆመሽ?"

ተናደድኩ። እራቱን አቅርቤለት ጀርባዬን ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ፣

"አስካለ።"

"ምንድን ነው?"

"ወደቅሁ" አለና ቁራጩን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ምላስን ስለመግታት የምትናገር ቃል ነበረች። "ከጠዋት ጀምሮ ችያት ነበር እኮ! እራት ላይ ጣልሽኝ።"

"እኔ ነኝ የጣልኩህ?"

"ይኸው ደግመሽ ልትጥይኝ ነው" አለና ሁለታችንም ሳቅን። ያቺ ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆየች።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ በአንድ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ሱሪ ሲቆርጥ ፓተርኑን መገልበጥ ረሳና የተቆረጠው ሁሉ የግራ እግር ሆነ። አለቃው ጥፋቱን ያየው ጨርቅ የምታነጥፈው ልጅ ላይ ነው። ሰላም ትባላለች። ፊቱንና ጀርባውን አሳስታ አንጥፋ ነው ብሎ ያኔውኑ አሰናበታት። ደሬሳ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ምንም አላለም። ማታ ቤት ገብቶ እራቱን በላ። "ዋልንባት?" አልጠየቀኝም። ኪሱ ውስጥ የነበረችው ስለ ባልንጀራ እውነት መናገርን የምታዝ ነበረች። ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ "ሰላምን ልመልሳት ነው" አለኝ።

"አንተንስ ማን ይመልስሃል?"

"እሱን ማታ እናያለን።"

አለቃው ፊት ቆሞ "የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያልገለበጥኩትም እኔ ነኝ። ትናንት ዝም ያልኩትም ፈርቼ ነው" አለ። ሰላም ተመለሰች። እሱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ አንሥተው ከተሰፋ ልብስ ላይ ክር ከሚለቅሙት ልጆች ጋር አስቀመጡት። ሁለት ወር እዚያ ተቀመጠ። ልጆቹ ጠዋት ሲገባ "ጋሼ ደሬሳ፣ ዛሬስ ቀኝ እግርህን ይዘህ መጣህ?" ይሉታል። "ቤት ረስቼው መጣሁ" ይላቸዋል። እየሳቀ ነበር የሚነግረኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሁሉ "ታድለሽ" ይለኝ ነበር። ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር መኖር ከባድ መሆኑን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ንግግር፣ ወንድሙን ያጣው።

አባታቸው መካኒሳ አቦ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። እርሻቸው መንገድና ፎቅ ከሆነ በኋላም አንዲት ላም ግቢያቸው ውስጥ አስረው ያኖሩ ነበር። ሲደክሙ የጦራቸው የደሬሳ ታናሽ ወንድም ቶላ ነው። ያጥባቸዋል፤ ያጎርሳቸዋል፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል ያገላብጣቸዋል። እኛ በሳምንት አንድ ቀን ብርቱካን ይዘን እንሄድ ነበር። ደረታቸውን ታመው በሦስተኛው ቀን ሲያርፉ ሐዋሳ ልጃችን ጋ ነበርን። ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ደሬሳ ገባ። ቶላን ሲያየው፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ በተቀመጠበት፣

"ሐኪም ቤት እንኳን ሳትወስደው! አባቴን የገደልከው አንተ ነህ!" አለው።

ቶላ ለለቀስተኛው ውኃ እያደለ ነበር። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠና ከድንኳኑ ወጣ።

እውነቱን ያወቅነው ከወር በኋላ ነው። የቶላ ሚስት ነገረችን። አባታቸው የቶላን እጅ ይዘው አስምለውት ኖሯል፤ ሐኪም ቤት እንዳትወስደኝ፣ ላሜ ስትጮኽ እየሰማሁ ቤቴ ልሙት ብለው። ቶላ ሦስት ቀን እያለቀሰ መሐላውን ጠበቀ። ደሬሳ ይህን ሰምቶ ቤት ሲገባ ጣሳውን አወረደና አልጋው ላይ ዘረገፈው። የብዙ ዓመት ቁራጭ አልጋውን ሞላው። ተንበርክኮ አንድ በአንድ ያነሣ ጀመር።

"ምን ጠፋህ?" አልኩት።

"አንዷ ያለቦታዋ ገብታለች።"

አገኛት። መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ የምታዘው ቃል ናት። በተጋባን ሰሞን የጻፋት ነበረች።

"በጻፍኳት ዕለት ማታ ነው የከተትኳት" አለኝ። "ያኔ ያዘነብኝ ሰው አልነበረም፤ የዋልኩባት መሰለኝ። ፈተናው ሳይመጣ አለፍኩ ብዬ።"

ኪሱ ውስጥ መለሳት። በሕይወቱ ከጣሳው መልሶ ያወጣው እሷን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ኪሱ ውስጥ ኖረች። ሸሚዙን ሳጥብ የማወጣት እኔ ነበርኩ። እርሳሱ ሲደበዝዝ በላዩ ላይ ይደግምበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ቁራጭ አልጻፈም። "ዋልንባት?" ማለቱንም ተወ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መካኒሳ መሄድ ጀመረ። የቶላን በር ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። አባታችን ሆይን በልቡ አንድ ጊዜ ይጸልያል። እስኪያልቅ ካልተከፈተለት ይመለሳል። "ከዚያ በላይ ከቆምኩ ማስቸገር ነው" ይላል። ክረምቱን ሙሉ ሄደ። የራሰውን ካፖርት ወንበር ላይ እያሰጣሁ ስንት ቀን ተሳድቤያለሁ። አንድ እሁድ ቶላ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ ሆኖ ተናገረው።

"ሰው ፊት ነው ያልከኝ። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ሰብስብና ና። እነሱ ፊት ይቅርታ በለኝ።"

እምቢ ማለቱ ነበር። አብዛኛው ሰፈር ለልማት ተነሥቶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የሞቱም አሉ። ደሬሳ ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሞ "እሺ" አለው።

ቤት መጥቶ ትልቅ የፓተርን ወረቀት ወለሉ ላይ አነጠፈና ድንኳኑን ሣለው። የት አግዳሚ እንደነበር፣ የት ወንበር። "እዚህ ጥግ ጥቁር ኮት የለበሱት ሽማግሌ ማን ነበሩ? ከበርሜሉ አጠገብ የተቀመጠችውስ ሴትዮ?" እያለ ይጠይቀኛል። ከሞቱት ሌላ ሠላሳ አንድ ስም ወጣ። ልሰበስባቸው ካልቻልኩ እኔ እዞራቸዋለሁ አለ። ዝርዝሩ ሳያልቅ የቶላን በር አላንኳኳም ብሎ የእሁዱን መንገድ ተወና ቅዳሜ ከሰዓት ከስም ወደ ስም መሄድ ያዘ። ስልክ ቁጥሩን ያገኘውን ሰው ጉዳይ እንኳን በስልክ አይጨርስም።

ሁለት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ። አንዱ ኮዬ ፈጬ ነው፤ ጥቁር ኮት ለብሰው የነበሩት ሽማግሌ ቤት። አራተኛ ፎቅ። ጉልበቱን ያመው ስለነበር በየፎቁ እያረፈ ወጣ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው አዩት።

"አባባ፣ በአባቴ ለቅሶ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ወንድሜን ያልኩትን ያስታውሳሉ?"

"እንዴት እረሳዋለሁ?"

"ውሸት ነው። ወንድሜ አባቴን አልገደለም። በክብር ነው የጦረው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ፣ ወደ እሱ አዩ። "ይህን ለማለት ነው አራተኛ ፎቅ የወጣኸው?"

"አዎ።"

"ስልክ የለህም እንዴ?"

"ያንን ስናገር ፊቴን እያዩ ነበር" አላቸው።

ሽማግሌው ግቡ አሉን፤ ውኃ ሰጡን። ስንወርድ "አየሽ" አለኝ፤ "አንዲት ቃል ናት። ለማውጣት እስትንፋስ አልፈጀችም። ለመሰብሰብ ደግሞ ከተማ ሙሉ ነች።"

በቤተ ክርስቲያናችን በወር አንድ ጊዜ የጌታ እራት አለ። ትሪው ሲመጣ ደሬሳ ተቀብሎ ለእኔ ያቀብለኛል፤ ራሱ አይወስድም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው። ሰው ያይ ነበር። አንዷ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጠጋ ብላ "እህት አስካለ፣ ወንድም ደሬሳ ምን አጥፍቶ ነው የተቀጣው?" አለችኝ። በመጨረሻ ፓስተሩ ቤታችን መጣ።

"ወንድም ደሬሳ፣ የድርሻህን ተወጥተሃል እኮ። ሄደሃል። ያልከፈተው እሱ ነው።"

"ሄደህ ተመለስ አይልም፣ ፓስተር። ታረቅ ነው የሚለው።"

"የወንድምህ ልብ በእጅህ ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አልቻልኩም። ያልቻልኩትን ቻልኩ ብዬ ጽዋውን ላንሣ?"

ፓስተሩ ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ አንቺ ምከሪው እንጂ።"

ሻይ ቀዳሁለት። በዚያን ጊዜ ቶላን ጠልቼው ነበር። ባሌን በየደረጃው የሚያንፏቅቀው፣ ከጽዋው የሚያስቀረው፣ ሰው ፊት ጥፋተኛ የሚያስመስለው እሱ መሰለኝ። ደሬሳ በዚያው ልክ ወንድሙን እየወደደ ሲሄድ እኔ በቁራጯ አጠገብ ተቀምጬ ጥላቻዬን አሳድግ ነበር። በቀይ እስክርቢቶም ምልክቴን አደርግ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ስልክ ጮኸ። ደሬሳ ስልኩን ሥራ ቦታ አይወስድም፤ ማሽን ላይ ሳለ እንዳይጠራበት ቤት ይተወዋል። አነሣሁት።

"አስካለ ነሽ?"

ድምፁን ሦስት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም። የደሬሳን ድምፅ ይመስላል፤ ትንሽ ቀጠን ይላል።

"ነኝ።"

"ቶላ ነኝ። ሰዎች እየደወሉልኝ ነው። ኮዬ ፈጬ የገቡት ሽማግሌ ደወሉ፤ ወንድምህ በታመመ ጉልበቱ አራተኛ ፎቅ ወጣብኝ አሉ። ትናንት ደግሞ ሌላ ሰው።" ላሚቱ ከኋላው ስትጮኽ ሰማሁ። "በቃው። እሁድ ከሰዓት ይምጣ በይው። በሩን አልዘጋውም።"

"እሺ።"

"ትነግሪዋለሽ አይደል?"

"እነግረዋለሁ።"

ስልኩን ስዘጋ ቁጥሩን ከስልኩ ላይ አጠፋሁት።

ለምን እንዳጠፋሁት ብዙ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እውነቱ አጭር ነው። አንድ እሁድ፣ አንድ ብቻ፣ ቶላ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ አልኩ። ባሌ የቆመውን ያህል እሱም ይቀመጥ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ።

እሁድ ከሰዓት ደሬሳ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ጉልበቱን እያሸ ነበር። እኔ ሰዓት አያለሁ። ዘጠኝ ሆነ። አሥር ሆነ።

"ምነው ሰዓት በዛብሽ? ሰው ትጠብቂያለሽ?" አለኝ።

"ማንን እጠብቃለሁ?" አልኩት።

ሰኞ ልነግረው ፈለግሁ። ግን ለምን ትናንት አልነገርሽኝም ይለኛል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ከዝርዝሩ የቀረው አንድ ስም ነበር፤ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው ሴትዮ፤ ቱሉ ዲምቱ ነው የገባችው። ቅዳሜ እሷ ጋ ሄዶ ሲመለስ "ቶላ አሁን ደወለ፤ ነገ ና ብሎሃል" እለዋለሁ አልኩ። ዝርዝሩ ባለቀ ቀን ሲሰማው ደስታው እጥፍ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያ ቅዳሜ ብርድ ልብሱን የጨመቅንበት ቅዳሜ ነው። ጫማውን ሲያስር የነበረው ወደዚያች ሴትዮ ሊሄድ ነው።

ለቅሶው ላይ ቶላ መጣ። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ በአባታቸው ቋንቋ "ኦቦሌሳ ኮ፣ ኦቦሌሳ ኮ" እያለ አለቀሰ። ወንድሜ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ሰው ደግፎ አጠገቤ አስቀመጠው።

"ነግረሽው ነበር?" አለኝ።

ሰው ሁሉ ይሰማል። "ነግሬዋለሁ" አልኩ።

"ያን እሁድ ወንበር አውጥቼ በሩ ላይ ዋልኩ። ሳይመጣ ሲቀር ንቆኝ ነው ብዬ…"

"ጉልበቱን አሞት ነው። በዚህኛው እሁድ ሊመጣ ነበር።"

"ስትነግሪው ደስ አለው?"

"በጣም።"

ሁለት እጄን ይዞ ግንባሩን አሳረፈበት። መዳፉ እንደ ደሬሳ ሰፊ ነው።

ከዚያ በኋላ ወተት እየያዘልኝ ይመጣ ጀመር። ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው፤ ከመካኒሳ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ይቀመጥና "እስቲ ስትነግሪው ምን አለ?" ይለኛል። እኔም በየጊዜው እጨምርለታለሁ። አንድ ቀን ተንበርክኮ ጸለየ አልኩት። ሌላ ቀን ሌሊቱን በደስታ አልተኛም አልኩት። እየሰማ ፊቱ ይበራል። ወተቱን እሱ ሲሄድ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ፤ አልወርድ ይለኛል።

ሁለት ወር እንዲህ ከሆነ በኋላ ያን ሹራብ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ቁራጯን አገኘኋት። እንዳትርስብኝ ያላት። በላዩ ላይ ደጋግሞ ስለጻፈበት ፊደሉ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኳት። አሥራ አንድ ጊዜ አልፌባት ነበር። ያን ቀን አስቆመችኝ።

በማግስቱ መካኒሳ ሄድኩ። ቶላ ላሚቱን አልቦ ወተቱን በጆግ ይዞ ወደ ቤት ሊገባ ነበር። "እንዴ፣ አስካለ! እኔው ልመጣልሽ ነበር እኮ" አለ።

"ቶላ፣ አልነገርኩትም።"

"ምኑን?"

"እሁድ ይምጣ ማለትህን። ተናድጄብህ ነበር። አንድ እሁድ ጠብቀህ እንድታየው ፈልጌ ነው። ቀጥሎ ልነግረው ስል ሞተ።"

"ደስ ብሎታል አላልሽም?"

"ዋሽቼ ነው። አላወቀም።"

"በሩ ክፍት መሆኑን ሳያውቅ ነው የሞተው?"

"ሳያውቅ።"

ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠው። በዚያ ቀን ድንኳን ውስጥ እንዳስቀመጠው። ወደ ግቢው በር ሄዶ ከፈተና መሬት መሬት እያየ ቆመ። ወጣሁ። ከኋላዬ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

ፓስተሩ እውነቱን መናገርሽ ትልቅ ነገር ነው ይለኛል። እኔ የማውቀው ሁለቱን ወንድማማቾች ነው። አንዱ ሳያውቅ ሞተ፤ ሌላው አውቆ ይኖራል። ሁለቱም በእኔ ነው። ደሬሳ ቢኖር ምን እንደሚል ለመገመት ሞክሬያለሁ። መዳፉን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ የሚቆይ ይመስለኛል። እሱም ግን ግምት ነው። ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ነበር፤ እሱ የለም።

የቀረችውን አንዷን ስም ልጨርስለት ብዬ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ በጣም አርጅተዋል። አልጋ ላይ ናቸው። ደሬሳ ሊል የነበረውን ቃል በቃል አልኩላቸው፤ በድንኳኑ ውስጥ የተባለው ውሸት ነበር፣ ቶላ አባቱን በክብር ጦሯል አልኳቸው።

"የቱ ድንኳን?" አሉኝ።

አስረዳኋቸው። አላስታወሱም።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ ቆይተው።

"ባሌ" አልኩ።

"እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ።

ቤት ተመልሼ የድንኳኑን ሥዕል አውጥቼ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ባለው ስም ላይ እንደ እሱ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። አጣጥፌ ከጣሳው ሥር አስቀመጥኩት።

ሰንጠረዡን ከግድግዳው አንሥቼዋለሁ። አዲስ ምዕራፍ አላነብም። ቁራጯ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ናት። በየወሩ ትሪው ሲመጣ ተቀብዬ አጠገቤ ላለው ሰው አቀብላለሁ። እሁድ ከሰዓት መካኒሳ እሄዳለሁ። በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ። አባታችን ሆይን አንድ ጊዜ እጸልያለሁ። ሲያልቅ ታክሲ ይዤ እመለሳለሁ።